የውሻው ድርሻ



ዲንሾ ላይ ቆሞ የሚናገር እንግዳ ብዙውን ጊዜ ስለ ቀይ ቀበሮ፣ ስለ ደጋ አጋዘን ወይም ስለ ሳነቴ አምባ ነው የሚያወራው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ነው፤ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ወሬው ወደዚያ ቢያደላ አይገርምም። እኔ የመጣሁት ግን ማንም ካሜራውን ስለማያዞርበት እንስሳ ላወራችሁ ነው። ስለ ውሻ ነው። በደጃችን ስለሚያድረው፣ ከእረኛው ኋላ ኋላ ስለሚሄደው፣ በገበያ ቀን ከሥጋ ቤት ደጃፍ በድንጋይ ስለሚባረረው ውሻ።

የምለው አንድ ነገር ነው። ከውሻ የምንወስደውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌሊቱን ይጮህልናል፣ ጅብ ይመልስልናል፣ ከርከሮን ከገብሱ ያባርርልናል። ለእሱ የሚገባውን ድርሻ ግን አንቆጥርም። ያልከፈልነው ድርሻም ቀርቶ አይቀርም፤ በሌላ ላይ ይወድቃል። ባሌ ላይ የወደቀው በሕፃናት፣ በከብትና በዓለም ሁሉ በጥቂቱ በቀረ አንድ የዱር እንስሳ ላይ ነው። ይህን ነው ዛሬ የማስረዳችሁ።

ነገሩ እጅግ የከፋበትን ቦታ በማየት ልጀምር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ ሚዙሪ፣ ካንሳስና አዮዋ በሚባሉት የእርሻ ግዛቶች፣ ገበሬው ከበቆሎውና ከአሳማው ጎን ቡችላ ለገበያ ማምረት ጀመረ። መንግሥትም ተጨማሪ ገቢ ይሆናል ብሎ አበረታታው። ባዶ የቀሩ የዶሮ ቤቶችና የጥንቸል ሣጥኖች የውሻ ማደሪያ ሆኑ። ዛሬ በብዙ አገር የቡችላ ፋብሪካ እየተባለ የሚወገዘው ንግድ ከዚያ አድጎ የመጣ ነው።

እዚያ ውስጥ ያለች እናት ውሻ አኗኗሯ እንዲህ ነው። የምትኖረው በሽቦ ሣጥን ነው። ወለሉም ሽቦ ነው፤ ሽንቷና ኩሷ ወደ ታች እንዲወርድና ጽዳቱ ሥራ እንዳያበዛ ታስቦ የተሠራ ነው። መዳፏ ሽቦው ላይ ይቆስላል፣ ጥፍሯ ሳይቆረጥ አድጎ ይጠመዘዛል፣ ፀጉሯ ከቆሻሻው ጋር ተጣብቆ ይደርቃል። ሣጥን በሣጥን ላይ ሲደረደር የላይኛዋ ቆሻሻ በታችኛዋ ላይ ይወርዳል። ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለወንድ ትደርሳለች፣ እርግዝናዋም 63 ቀን ገደማ ነው፤ በዚያ ቤት ግን አንዱም ዙር አይታለፍም። ትወልዳለች፣ ቡችሎቿ ሳይጠነክሩ ይወሰዱባታል፣ ሰውነቷ ሳይመለስ እንደገና ታረግዛለች። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላትና የምትወልደው ቁጥር ሲያንስ ትጣላለች ወይም ትገደላለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ሣር ረግጣ አታውቅም፤ ፀሐይ ሳይነካት የምታልፍም አለች።

ሕግ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ወጥቶ በኋላ የተሻሻለው የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ሕግና ደንቦቹ ለሣጥኑ መጠን አስቀምጠዋል። መጠኑ ግን ምን ያህል ነው? ውሻዋ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ስትለካ ካላት ርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚበልጥ ሣጥን በሕጉ ይበቃል። ዕድሜ ልኳን የምትኖርበት ነው። የሚዙሪ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2010 በድምፁ ወስኖ አንድ አርቢ ከ50 የሚበልጡ የመራቢያ ውሾች እንዳይዝ ከለከለ፤ በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት ያንን ገደብ አነሣው። ገንዘብ የለመደ እጅ በቀላሉ አይለቅም።

በእንግሊዝ ነገሩን የለወጠችው አንዲት ውሻ ናት። ሉሲ ትባላለች። ዌልስ ውስጥ ካለ የቡችላ እርሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ስትወጣ፣ ለዓመታት በጠባብ ሣጥን ከመታሰሯ የተነሣ የዳሌዋ አጥንት ተጣብቆ፣ አከርካሪዋ ጎብጦ፣ ፀጉሯ ረግፎ ነበር። ያወጧት ሰዎች ታሪኳን ለሕዝብ አሳዩ። እሷ በ2016 ሞተች፤ በስሟ የሚጠራው ሕግ ግን ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ሦስተኛ ወገን የሆነ ነጋዴ ከስድስት ወር ያነሰ ቡችላ እንዳይሸጥ ያግዳል። ገዢው ከአርቢው ዘንድ ራሱ ሄዶ፣ ቡችላውን ከእናቱ ጋር አይቶ እንዲገዛ ያስገድዳል። የሕጉ ብልሃት እናቲቱን ከተደበቀችበት ማውጣቱ ላይ ነው፤ የዚህ ንግድ ጭካኔ ሁሉ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው፣ ገዢው ግን ቡችላውን እንጂ እሷን አያይም።

ይህ ሁሉ ከዲንሾ ምን አገናኘው? በሁለት መንገድ ያገናኘዋል።

አንደኛው ንግዱ ወደ እኛም እየመጣ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ቡችላ አቅፎ ለባለ መኪና የሚያሳይ ወጣት ማየት የተለመደ ነው። በቴሌግራም «ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ» እያለ ፎቶ የሚለጥፈውም ብዙ ነው። የፈረንጅ ውሻ ዋጋ አለው፤ ሥራ ያጣ ወጣት ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ይዞ በጓሮው መጀመሩን አልወቅስም። የምጠይቀው እናቲቱ የት እንደምታድር ነው። መንገድ ዳር የሚሸጠው ቡችላ ብዙ ጊዜ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ጡት የተነጠለ ነው፤ አልተከተበም፤ በፀሐይና በብርድ ይውላል። ፓርቮ የሚባለው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ በሽታ እንዲህ ያለውን ቡችላ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድለዋል። ገዢው ልጆቹ ሲያለቅሱ ሌላ ይገዛል። ሻጩም ከዚያችው ሴት ውሻ ሌላ ዙር ይጠብቃል። የሮቤና የጎባ ከተሞች እየሰፉ ነው፣ ባለ ግቢው እየበዛ ነው፤ ይህ ገበያ እዚህ ለመድረስ ብዙ አይቆይም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። የሽቦው ሣጥን ባይኖረንም አስተሳሰቡ አለን። የቆርቆሮ ሣጥን አለንና።

የማወራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከበሩ አጠገብ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከጣውላ ርጋፊ የተሠራች ጠባብ ቤት። ውሻው ጠዋት ይገባባታል፣ በሩ ይዘጋበታል፣ እስኪመሽ እዚያው ነው። ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ይግላል፣ በክረምት ውሃ ያስገባል፣ በባሌ ውርጭ ደግሞ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ውሃ አንዳንድ ጊዜ ይረሳል። ሽንቱም ኩሱም እዚያው ነው። ምክንያቱን ስትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ «ኃይለኛ እንዲሆን ነው፤ ሰው ካየ ይለምዳል።» ሣጥን የሌለው ደግሞ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፤ ቡችላ ሳለ ጆሮው በምላጭ የሚቆረጥበትም አለ፣ ያም ለኃይለኝነት ነው ይባላል።

ይህን እምነት ፊት ለፊት ልቃወም። ቀኑን ሙሉ በጨለማ የተዘጋበት ውሻ ደፋር አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ሌባንና እንግዳን፣ እንግዳንና የቤቱን ልጅ አይለይም። የተለቀቀባት ሌሊት ለእሱ ከእስር የወጣባት ሰዓት ናት፤ ያገኘውን ይነክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ውሻን ጠባቂ የሚያደርገው ቤተሰቡን ማወቁ ነው። ከሰው ጋር ያደገ፣ የልጆቹን ድምፅ የሚለይ፣ የጎረቤቱን አረማመድ የሚያውቅ ውሻ ማታ ሲጮህ ባለቤቱ ተነሥቶ ያያል፤ ያለ ምክንያት አይጮህምና። የእረኞቻችን ውሾች ለዚህ ምስክር ናቸው። እነሱን ማንም በሣጥን አልዘጋባቸውም፤ ጅብ ሲመጣ ግን ከበጎቹ ፊት የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ እነሱ ልምጣ። የደጋው ውሻ ነፃ ነው፤ ከከተማው ይሻላል። ይሁን እንጂ እሱም ድርሻውን አያገኝም። ከቤት የሚደርሰው የገንፎ ተራፊ ነው፣ ሲገኝ አጓት ነው፤ ሌላውን ራሱ ይፈልጋል። ጥንብ ይበላል፣ ከሰፈር ጀርባ የሰው ዓይነ ምድር ይበላል፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ ፍልፈልና አይጥ ያድናል። ሲታመም የሚያየው የለም። ሴቷ ስትወልድ ከቡችሎቹ ወንዶቹ ይመረጣሉ፣ ሴቶቹ ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ይጣላሉ፤ ያልተጣሉት ደግሞ የማንም ሳይሆኑ ያድጋሉ። በፋብሪካው እናት ውሻ ያለ ዕረፍት እንድትወልድ ትገደዳለች። እዚህ ደግሞ መውለዷን የሚያስበው ሰው የለም፤ ለቡችሎቹ ፍጻሜው ያው ነው።

ጎደንቱ የሚባለው የግጦሽ ፍልሰት ወቅት ሲደርስ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሻውም ይከተላል። እዚያ ላይ፣ በዌብ ሸለቆና በሳነቴ፣ ውሻው የሚገናኘው ከቀይ ቀበሮ ጋር ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በእነዚህ ተራሮች ነው። ከሚበሉት ውስጥ 96 በመቶ ገደማው አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ከብት የሚያጠቃው በመጀመሪያ ጅብ ነው፣ ቀጥሎ ነብር፤ ቀይ ቀበሮ ለግልገል አልፎ አልፎ ካልሆነ ስሙ አይነሣም። ከእናንተ ጋር ጠብ የለውም። እየገደለው ያለው ከእናንተ ውሻ የሚይዘው በሽታ ነው።

ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል። በየጠዋቱ ይገናኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ አብረው ወሰናቸውን ይዞራሉ። የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ታላቂቱ ናት፤ እሷም በዓመት አንዴ ብቻ። ስለዚህ አንዱ ሲታመም ሁሉም ይታመማሉ፣ ያለቀውን ለመተካትም ዓመታት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በጥናት ይታወቁ ከነበሩት ቤተሰቦች ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁን ጨረሰ። በ2003 መገባደጃ በዌብ ሸለቆ እንደገና ተነሥቶ፣ ከዚያ ሸለቆ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞቱ። በ2008 እና 2009፣ ከዚያም በ2014 ተመለሰ። በመሐል፣ በ2005 እና 2006 ከዚያም በ2010፣ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ መጥቶ ገደለ። አበው ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ። እዚህ ግን አጥሩን የቀደደው ውሻው አይደለም፤ ውሻውን ሳይመግቡና ሳያስከትቡ ወደ ተራራው የላኩት ሰዎች ናቸው። የተራበ ውሻ ፍልፈል ፍለጋ ቀበሮው ወሰን ውስጥ ይገባል። የጠገበ ውሻ ከበጎቹ አጠገብ ይተኛል።

ለዚህ መላ የፈለጉ ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹም የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. በክላውዲዮ ሲሌሮ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከፓርኩና ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ውሾችን በነፃ ይከትባል። በፈረስ ተቀምጠው ቀበሮዎቹን በየቤተሰባቸው የሚከታተሉት ወጣቶች ከእናንተው መንደር የወጡ ናቸው። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ተይዘው በመርፌ ተከተቡ፤ በዙሪያው ባሉ መተላለፊያዎች ላይ የሚኖሩትን ቤተሰቦች መከተብ በሽታው ወደ ሌላው ሸለቆ እንዳይሻገር እንደረዳ በ2006 የወጣው ጥናት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ደብቆ ሌሊት በቀበሮዎቹ መንገድ ላይ መጣል ተጀምሯል፤ ሳይያዙ፣ ሳይጎዱ፣ በልተውት ይከተባሉ።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። የእብድ ውሻ በሽታ እንዳይዛመት ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለበት ይባላል። ዛሬ መንደሩን ዞረን 70 በመቶውን ከተብን እንበል። በዓመቱ የተከተቡት ብዙዎቹ ሞተዋል፣ የደጋ ውሻ ዕድሜው አጭር ነውና፤ በምትካቸው ያልተከተቡ ቡችሎች አድገዋል። ሰባው ወደ ስልሳ፣ ስልሳው ወደ ሃምሳ ይወርዳል። በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ውሻው በደንብ በልቶ ረጅም ዕድሜ እንዲኖርና የማይፈለግ ቡችላ እንዳይወለድ ማድረግ ነው። ለውሻው ማዘንና ቀበሮውን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሚመስሉት ሰው ካለ፣ ይህን ሒሳብ ደግሞ ያስበው።

የሰውን ነገር በአጭሩ ልናገር፤ አጭር የማደርገው ቀላል ሆኖ አይደለም፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት ነው። በዓለም በዚህ በሽታ በዓመት 59,000 ሰው ያህል እንደሚሞት ይገመታል፤ ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ግምት 2,700 ያህል ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተነከሰ ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ በሽታ የሚሞት እያንዳንዱ ልጅ ሊድን የሚችል ነበር። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠበው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የታዘዘለትን ክትባት አንዱንም ሳያስቀር ይጨርስ። ወደ ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ የባህል ሐኪም ቤት ግን ቀን አታባክኑ። ቀኑ ካለፈ አይመለስም።

ከተሞቻችን ሲጨንቃቸው የሚይዙት አንድ አሮጌ መላ አለ፤ መርዝ። ባለቤት የለውም የተባለ ውሻ በመርዝ ሥጋ ይገደላል፣ ጠዋት በየመንገዱ ሬሳው ይለቀማል። ሞቱ የሥቃይ ነው፤ ያየው ያውቃል። ጥቅሙ ደግሞ አይታይም። ምግቡና ቆሻሻው እስካለ ድረስ የሞቱት ቦታ በወራት ውስጥ ከሌላ ሰፈር በመጡና አዲስ በተወለዱ ይሞላል፤ የተከተበውም ካልተከተበው ጋር ይሞታል። ሬሳውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ እሱም ይሞታል። ባሌ ውስጥ ደግሞ መርዙን ማን እንደሚያነሣው ማንም ሊያውቅ አይችልም። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቆሻሻ መቅበርና ውሻን መከተብ ብዙ ልፋት አለው፤ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ስለ ሃይማኖት ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል፤ ባሌ የወሊዩ የሼህ ሁሴን አገር ነውና። «ውሻ ርኩስ ነው፣ ምን ያገባናል?» የሚል ወንድም አለ። ውሻ ቤት ውስጥ አይግባ፣ ዕቃዬን አይንካ ማለት የሃይማኖት ሥርዓት ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ በእስልምና የተፈቀደ ነው። ለተጠማ ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ኃጢአቱ ይቅር እንደተባለለት ነቢዩ ተናግረዋል። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ወጥታም ራሷ እንዳትፈልግ ዘግታባት የገደለቻት ሴት ደግሞ በዚያ ምክንያት እንደተቀጣች በሐዲስ ይነገራል። የቆርቆሮ ሣጥን ያለው ሰው ይህን ሐዲስ ደጋግሞ ያስበው። በዋሻ ውስጥ ከተኙት ደጋግ ወጣቶች ጋር ውሻቸው በቁርኣን ተጠቅሷል። ክርስቲያኖች ወገኖቼም መጽሐፈ ጦቢትን ታውቃላችሁ፤ ጦብያና መልአኩ መንገድ ሲጀምሩ ውሻው አብሮ ሄዷል። የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው፤ ባለጠጋው ግን አልፎት ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም እንስሳን ያለ አግባብ ማሰቃየትን ያስቀጣል። ሃይማኖቱም ሕጉም አለን፤ የጎደለው እነሱን ከግቢያችን በር ማስገባት ነው።

አሁን ለወጣቶች። ቡችላ አርብቶ መሸጥ የምታስቡ ካላችሁ፣ ሥራው ሐራም ወይም ነውር ነው አልላችሁም። እናቲቱን ግን ገዢው እንዲያያት አድርጉ። ቤቷ ደረቅ ይሁን፣ ወለሉ ጠንካራና ጭድ ወይም ድርቆሽ የተነጠፈበት ይሁን፣ በየቀኑ ትውጣ፣ ውሃዋ አይጥፋ። በመጀመሪያው ዙር አታስረግዟት፤ ከወለደች በኋላ ዙር አሳርፏት። ቡችላውን ከስምንት ሳምንት በፊት አትሸጡ፤ በዕድሜው የሚገባውን ክትባት አስጀምሩት። ስታረጅ እዚያው ትጡር፤ ገንዘብ ያገኛችሁት በእሷ ነው። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩት። ገዢዎችም እናቱን ካላሳያችሁ ሻጭ ቡችላ አትግዙ፤ አሳዘነኝ ብላችሁ እንኳ አትግዙ፣ የእናንተ ብር ለእናቲቱ ሌላ ዙር ነው።

የወረዳና የከተማ አስተዳደር ኃላፊዎች እዚህ ስላላችሁ፣ ልመናዬን ለእናንተ አስቀድማለሁ። ንግዱ ሳይመጣ ደንቡ ይቅደም። ውሻ አርብቶ የሚሸጥ ሰው እንዲመዘገብ፣ የእንስሳት ሐኪም ቤቱን እንዲያይ፣ ያልተከተበ ቡችላ በገበያ እንዳይወጣ አድርጉ። በየቀበሌው ውሻና ባለቤቱ ተመዝግበው ይታወቁ። ወንዶቹን ማኮላሸት፣ ሴቶቹንም በሐኪም እጅ ማምከን የሚቻልበትን አገልግሎት ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ከሌሎች ጋር ተማክራችሁ ወደ ዲንሾ አምጡ። መርዝ አትግዙ።

እረኞች ወንድሞቼ፣ የእናንተ ዕዳ ቀላሉ ነው፣ ዋናው ግን እሱ ነው። ከታቢዎቹ መንደራችሁ ሲመጡ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ሦስት ወር የሞላውን ቡችላም አምጡ። ወደ ላይ ስትወጡ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ውሻ ብቻ፣ የተከተበውን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀረውን ቤት መግቡት። ከቤቱ ገንፎና አጓት ላይ የእሱን ድርሻ ማታ ማታ ለዩለት። ባሕርይው የተለወጠ ውሻ ወይም ቀበሮ፣ ሞቶ የተገኘም ቢሆን፣ ካያችሁ ሳትነኩት በዚያው ቀን ለፓርኩ ጥበቃ ወይም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

እናንተ የሮቤና የጎባ ባለ ግቢዎች ደግሞ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የቆርቆሮውን በር ክፈቱ፤ ነገም አትዝጉት።